ፊቱን ያዞረው የድንጋይ መስቀል

«ጀርባዋን ሰጠችኝ» አሉኝ እትዬ ሼኔሮሳ በመስኮታቸው ብቅ ብለው።

«ምራትዎ ደግሞ ምን ሆነች? ይተዋት፣ ትመለሳለች» አልኳቸው።

«የምን ምራት ታወራለህ? እመቤቴን ነው የምልህ።»

ዞር ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። በእኛ በጋሊሺያ የመንታ መንገድ መስቀል ሁለት ፊት አለው፤ ባንዱ ስቅለቱ፣ በሌላው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀርጻለች። የወተት መኪና ገጭቶ ያጋደለውን የመንደራችንን መስቀል ድንጋይ ጠራቢው ዴልሚሮ ጠግኖ ትናንት ሲያቆመው፣ አዙሮ ተክሎታል። እመቤታችን አሁን የምታየው ከመንገዱ ማዶ የጋሽ ባልቢኖን ቤት ነው።

የእትዬ ሼኔሮሳ ጉልበት ቤተ ክርስቲያን ካላደረሳቸው ቆይቷል። ድንች እየላጡ የሆዳቸውን ሁሉ በመስኮት የሚያወሩት ለእሷ ነበር።

«ታዲያ አሁን ለልጇ ይንገሩታ።»

«እጅ እግሩ ተቸንክሮ እያየሁ ጉልበቴን አመመኝ ልበለው? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

ዴልሚሮ «ጋሽ ባልቢኖ ከፈቀዱ መልሼ አዞረዋለሁ» ስላለ፣ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ሽማግሌው ገበታቸውን መስኮት ሥር አስጠግተው የጎመን ሾርባቸውን ይጠጣሉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ደም እያየሁ በላሁ» አሉኝ። «ገና አሁን የምግብ ፍላጎቴ ቢከፈት ልትወስዱብኝ? ሼኔሮሳ ከፈለገች እዚህ መጥታ ታዋራት፤ ወንበር አለ።»

ይህን ያሉት ለወጉ ነበር። እትዬ ሼኔሮሳ ግን በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ከች አሉ። በየቀኑም ይመጡ ጀመር። ከመንገድ ማዶ ማውራት ስለለመዱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁም። የጉልበታቸው ነገር ቶሎ ያልቅና ወሬው ወደ ጋሽ ባልቢኖ ይዞራል፦ አውራ ዶሮው ሰው እንደማያስተኛ፣ ሾርባው ጨው እንደበዛበት፣ ባልቢኖ በወጣትነቱ እሳቸውን ለበዓል ጭፈራ ቀጥሮ ከአክስታቸው ልጅ ጋር ሲጨፍር እንዳመሸ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ባልቢኖ ራሳቸው ዴልሚሮ ጋ ደወሉ።

«እመቤታችን ስትዞርልዎ ደስ ብሎዎት አልነበር?» አላቸው።

«እሷንማ እወዳታለሁ። የምትሰማው ስለ እኔ ብቻ ሆነ እንጂ።»

ዴልሚሮ ክሬኑን ይዞ መጣና መስቀሉን አዞረው። እመቤታችን ወደ እትዬ ሼኔሮሳ፣ ስቅለቱ ወደ ጋሽ ባልቢኖ መስኮት ተመለሱ።

«ይኸው፣ እመቤትሽ መጣችልሽ» አሉ ጋሽ ባልቢኖ እፎይ ብለው። «አሁንስ በቃሽ?»

እትዬ ሼኔሮሳ መስቀሉን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቀጥለው የጋሽ ባልቢኖን መስኮት።

«ደግ ነው። ወንበሩን ግን እንዳታነሳው፤ ለልጇም የምነግረው አለኝ።»