ሽታው የጠፋ ብልቃጥ

ጠዋት ቡጢው አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሰማችው የራሷን አጥንት ነው። ቀጭ! ከዚያ ደሙ ደረቷን አለበሰው። ጥፋቷ ምንድን ነው? የሸሚዙን ኮሌታ በደንብ አልተኮሰችም። አይ ባል ተብዬ! እጁን ሲበላው ሰበብ አያጣም።

«ደግሞ ዛሬ ያቺን የመጨረሻ ናሙና አበላሺና» አላት ክራቫቱን እያሰረ፣ «ሬሳሽን ነው የሚያወጡት።»

እንደሚያደርገው ታውቃለች። እሱ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ እሷ ቴክኒሻኗ። ናሙናዋ የሦስት ዓመት ልፋቱ ናት፤ ሌላ ምትክ የላትም።

አፍንጫዋን በጥጥ ወትፋ፣ በጭንብል ሸፍና ሥራ ገባች። ዕቃ አጣቢዋ እትዬ ሲያዩዋት ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ዛሬም?»

«በር መታኝ፣ እትዬ።»

«ያ በር እጁ ይሰበር!»

ናሙናዋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመለካቱ በፊት ዲቲቲ ይጨመርበታል፤ የፕሮቲኑን ሁለት ቁራጮች አጣብቆ የያዘውን ማሰሪያ የሚበጥስ መድኃኒት ነው። ታዲያ ክዳኑ ላልቶ ከከረመ ይሞታል። ሲሞት መልኩ ያው ነው፣ ግማቱ ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ እሷ ሁልጊዜ ብልቃጡን ከፍታ ሽታውን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ታራግባለች። ከገማ ደህና ነው። «አነፍናፊዋ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ግን እሷ ያላሸተተችውን ማንም አይነካም።

ዛሬም ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ከፈተች፣ አራገበች። ምንም የለም። ጥጡና እብጠቱ አፍንጫዋን ዘግተውታል። እንዲያሸቱላት እትዬን ልትጠራ ዞር ስትል ባሏ ከኋላዋ ቆሟል።

«ምን ይገትርሻል? ጨምሪ!»

ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ፣ የፕሮቲኑ ቁራጮች ተለያይተው በሚታዩበት ጄል ላይ ሁለት መስመር መታየት ሲገባው አንድ ወፍራም መስመር ወጣ። ምንም አልተበጠሰም። ናሙናዋም አለቀች።

ባሏ ጄሉን ከነሳህኑ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተኮለኮለ። እትዬ ሮጠው ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«መድኃኒቱ ሞቷል እኮ!» ብሎ አጓራ። «ዕድሜሽን ሙሉ ስታነፈንፊ ኖረሽ ዛሬ አላሸተትሽውም?»

ቀስ ብላ ቀና አለች። ጭንብሉን አወለቀች። ደም የጠጣውን ጥጥ ከአፍንጫዋ መዝዛ ብልቃጡ አጠገብ አኖረችው።

«በየትኛው አፍንጫዬ?» አለችው። «ጠዋት በሰበርከው?»

እሱ ጡጫውን ቁልቁል አየ። እሷ የሥራ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች፤ በሩ ላይ የቆሙትም መንገድ ለቀቁላት።