ለአባይነሽ የተረፈችው ፎቶ

ሦስት ቀን ሙሉ ጣና ላይ ሲቀዝፍ የከረመው አያ ውዱ ክንዱ የራሱ አልመስል ብሎታል። ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ታንኳ ከውኃ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ ተገትሮ ካልደረቀ ውኃ ይጠጣል፤ ያሳፈረው ፈረንጅ ግን ለማድረቂያ ፋታ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ታንኳው ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ላም ከብዷል።

ፈረንጁ ከጎንደር ኮላ ድባ፣ ከኮላ ድባ እዚህ ዳርቻ ድረስ የወረደው ጉማሬ ከነልጇ ፎቶ ሊያነሳ ነው። እርኩሙን አነሳ፣ ዳክዬውን አነሳ፣ ሲያነሳ ሲያነሳ አንድ ፎቶ ብቻ የምታነሳ ፊልም ቀረችው። ዳኛው የሚባለው አስተርጓሚ ጠዋት ላይ ቁርጡን ተናገረ።

«አያ ውዱ፣ ጉማሬዋ እስከ ቀትር ካልወጣች ያቺ አንዲቷ ለሚስትህ ናት ብሏል። ቤትህ ድረስ መጥቶ ያነሳታል።»

አያ ውዱ የለመነው ይኸንኑ ነበር፤ ለሚስቱ ለአባይነሽም ነግሯታል። አባይነሽ ከታመመች መንፈቅ አልፏታል፤ እንደማትሰነብት ሁለቱም ያውቃሉ። አንዲት ሴት ልጃቸውን አበቡን ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ንዳድ ወስዶባቸዋል። ሰባት ዓመት ሆነ። ድምፅዋን ያስታውሳል፤ ፊቷ ግን እየሸሸው ሄዶ ከነጭራሹ ጠፍቶበታል። ያፍርበታል፣ ለማንም አልተናገረም። የሚስቱ ፊት ደግሞ እንዲሁ እንዲጠፋበት አይፈልግም።

ችግሩ መሐላው ነው። ታንኳ ቀዛፊ ጉማሬ ሲያይ ትንፍሽ ሳይል ዘወር ማለት ልማዱ ነው፤ ትገለብጠዋለቻ! ዳኛው ይህን ስለሚያውቅ ገና በመጀመሪያው ቀን አስምሎታል። «አይቼ ብደብቅ ገብርኤል አይለመነኝ!» ብሎ ነበር አያ ውዱ፣ አፉ እንዳመጣለት።

ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከደንገሉ ጥግ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ጆሮ። ፈረንጁ ወደዚያ ዞሮ ላቡን ይጠርጋል፤ ዳኛው ያንጎላጃል። መቅዘፊያውን አንዴ ወደ ግራ ቢገፋ ነገሩ ያልቃል።

ግን ገብርኤል ካልተለመነው ለአባይነሽ ማንን ሊለምንላት ነው? በየቀኑ ራስጌዋ ተንበርክኮ የሚጠራው እሱኑ አይደል? የዛለ እጁን አንስቶ ወደ ደንገሉ ጠቆመ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ቤቱ ሲደርስ አባይነሽ ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀችው። ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። በምን አቅሟ እንደለበሰችው እንጃ።

«ሰውየውሳ?»

«ጉማሬዋ ወጣች» አለ።

«ከነልጇ?»

«ከነልጇ።»

«እሷስ ታድላ» አለች አባይነሽ። «እኔ ብቻዬን ፎቶ ተነስቼ ምን ሊረባኝ።»

አያ ውዱ ታንኳውን ሊያደርቅ እንኳ አልተመለሰም። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ያያት ጀመር።

«ምነው እንዲህ ታፈጥብኛለህ?»

«ቀና በይ ብቻ» አላት።