ድፍኑ ግድግዳ

አርክቴክቱ በሰው ቤት ላይ ሲፈርድ ምላሱ አይጣል ነበር። ሰፈሩን ሳያይ የተሠራ ቤት ሰላምታ ሳይሰጥ መሀል ገብቶ እንደሚቀመጥ እንግዳ ነው እያለ ባልደረቦቹን ሲያሰለች ኖሯል። ታዲያ ለገዛ ሚስቱና ልጁ ቤት ሊነድፍ ሲቀመጥ ቀልድ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሜትሩን ይዞ የጎረቤቱን አጥር ከፍታ፣ የጣሪያውን ተዳፋት፣ የመስኮቱን ስፋት ሲለካ ከረመ። ሚስቱ ሰፈሩ ግብር የሚተምን ቀራጭ የመጣበት መስሎታል ብላ ትስቅበት ነበር።

የገዛው ቦታ በሁለት ቤቶች መካከል የቀረ ባዶ መሬት ነው። በግራ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ የወጥ ቤታቸው መስኮት የሚከፈተው ወደዚሁ ባዶ መሬት ነው። በዚያ ትይዩ እሱም መስኮት አወጣ፤ ከመስኮቱ ኋላ የስድስት ዓመት ልጁን መኝታ አደረገ። የቀረውንም እንዲሁ ከግራ ከቀኙ ጋር እያስማማ ሲሄድ፣ ንድፉ ያለ ድካም ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለለት። እንዲህ ቀሎት አያውቅምና ራሱን አደነቀ። አይ ሰው!

ንድፍ ሲያልቅ ለጎረቤት ማሳየት ልማዱ ነው፤ ጠቅልሎ አሮጊቷ ዘንድ ሄደ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን የልጁ መኝታ ላይ አኖሩ።

«ይቺ የልጄ ክፍል ናት» አሉ።

ከዚያ ነው ነገሩን የነገሩት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚያ የልጃቸው ቤት ነበር፤ እሳት ቤቱንም ልጃቸውንም በላ። የመንገዱ ቤቶች ሁሉ የተሠሩት ከዚያ ቤት ልክ እየወሰዱ ነበር። የሰፈሩን ልክ አገኘሁ ያለው አርክቴክት፣ ለካ የሟቿን ቤት ከነመኝታዋ መልሶ ነድፎት ኖሯል! አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ከወጥ ቤታቸው ሆነው፣ በዚያ መስኮት እየጠሩ ነበር ልጃቸውን የሚቀሰቅሷት።

«እንደዚሁ አድርገህ ሥራው፣ አደራ» አሉት። «መስኮቴን ስከፍት ሰው ልይበት።»

እሺ አለ። ምን ይበል? ግን ክው ብሎ ነበር ቤቱ የገባው። ልጁን በሟች ክፍል ሊያስተኛት ነው? ለሚስቱ እንኳ ሳይተነፍስ መኝታውን ወደ ቀኝ አዛወረ፤ በአሮጊቷ በኩል ያለውን ክፍል ዕቃ ቤት አደረገና ግድግዳውን ድፍን አድርጎ ዘጋው። ሄዶ መንገር ግን አልቻለም፤ ፈራ።

ግድግዳው ሲነሳ አሮጊቷ ከመስኮታቸው ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ቀን ግንበኛውን፣ መስኮቱ ገና ነው ወይ ብለው ጠየቁት። በዚህ በኩል መስኮት የለም አላቸው። መስኮታቸውን ሳቡና ዘጉት። ጣሪያው በተመታ ሳምንት ቤታቸውን ቆልፈው እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ወር ሳይሞላቸው እዚያው ማረፋቸው ተሰማ። አርክቴክቱ ሆዱ ባባ። ግን ሰው ነውና፣ ልጄ ተረፈችልኝ ብሎም በልቡ እፎይ አለ።

አዲሱ ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ከአልጋዋ ጠፋች። ሲፈልጋት ዕቃ ቤት ውስጥ በሌሊት ልብሷ ድፍኑን ግድግዳ ፊት ለፊት እያየች ቆማ አገኛት። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት።

«አንዲት እማማ ተነሺ ይሉኛል» አለችው። «ተነስቻለሁ ብላቸውም አያዩኝም።»

ስለ አሮጊቷ ለልጅቷ የነገራት ሰው አልነበረም። አባቷ ግንበኛ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም፤ መዶሻ አንስቶ መጀመሪያ በነደፈው ቦታ ግድግዳውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ብርሃን ገባ። ከማዶ ያለው መስኮት ተዘግቶ አቧራ ለብሷል።

«እማማ፣ ይኸው፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ እያለቀሰ።

ልጅቷን ከዚያ ወዲህ ጠርቷት የሚያውቅ የለም፤ እስኪረፍድ ትተኛለች። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ይነሳና እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ የሚጠራው የለም።