ቀዩ መሐረብ

ጡረታ ስንወጣ ቤታችንን ሸጠን፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና ገዛን። አሥራ ሰባት ዓመት አሜሪካን ስንዞር የምነዳው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ዶሪን የመኪና ማደሪያ ካምፕ በደረስን ቁጥር ወርዳ ከኋላ ትቆምና በቀይ መሐረብ እየመራች ቦታችን ታስገባኛለች። ሞንታና በበረዶ፣ ኦሪገን በዝናብ ቆማለች። እኔ በመስኮት እጮህባታለሁ፤ ጭቃ ይዛ ስትገባም እቆጣለሁ።

ዘንድሮ ዓይኔ ስለደከመ ሐኪሙ መሪ እንዳልይዝ ከለከለኝ። ዶሪን ወደ ኋላ ነድታ ማስገባት ካቃታት መኪናዋን ልንሸጥ ተስማማን።

እሷ እየነዳች አርካንሳስ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ካለ ካምፕ ስንደርስ መሐረቡን ሰጥታ አወረደችኝና እሷ መሪው ላይ ቀረች። የካምፑ ሰዎች እንደ ልማዳቸው አገባባችንን ሊያዩ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

"ሃርላን፣ ከሥራ ተባረርክ እንዴ?" አለኝ ከድሮ የሚያውቀን አንዱ።

"አንተ ዝም ብለህ ቢራህን ጠጣ" አልኩት።

መሐረቡን ወደ ግራ ባውለበልብም መኪናዋ በስተቀኝ ወዳለ ዛፍ ሄደች።

"አንተ ሰውዬ! በጎን መስታወቱ ካልታየኸኝ በምን ልወቅ?" ብላ ጮኸች።

ድሮ እኔ የምጮህባት እንዲሁ እያልኩ ነበር።

የመነጽሯን ብልጭታ በመስታወቱ እስካይ ድረስ ወደ ጎን ሄድኩ። እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሌላ እሷ እኔን የምታይበት ቦታ አልነበረም። ዶሪን ያን ሁሉ ዓመት የቆመችው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

በሦስተኛው ሙከራ መኪናዋን አስገባች። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ወርዳ ጫማዬን አየችና ሳቀች። መሐረቡን ልመልስላት ዘረጋሁ።

"ያዘው" አለችኝ፤ "ነገ ሚዙሪ ነን።"