የሳምራዊት እሳተ ገሞራ

«ልደት ላይ ኬክ ይቆረሳል እንጂ ሳይንስ ይቆረሳል ወይ?» ብለው የሳቁብኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይሳቁ። እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ላብራቶሪያችን ተዘርፎ የቀሩን ስድስት ቢከሮችና አንድ የተሰበረ ማይክሮስኮፕ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባዶ መደርደሪያ እየወለወልኩ ደመወዝ እበላለሁ። ታዲያ ልጄ ሳምራዊት «ስምንተኛ ልደቴ የሳይንስ ይሁንልኝ» ስትለኝ፣ እንኳን እምቢ ልላት ከእሷ በላይ የፈነጠዝኩት እኔ ነበርኩ።

ዕቅዱን ያወጣችው ራሷ ናት። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት ሙከራዎች ጻፈች። የመጀመሪያው ከርከዴ ነው፤ ውሃው ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት ይቀላል፣ የመጋገሪያ ሶዳ ሲነሰነስበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀጥሎ ፊኛ፤ ፊኛው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይደረግና አቼቶ የያዘ ጠርሙስ አፍ ላይ ይገጠማል፣ ሶዳው ሲወርድ ማንም ሳይነፋው ይነፋል። የመጨረሻው እሳተ ገሞራ ነው። ከጭቃ ትንሽ ተራራ ይሠራል፣ አናቱ ላይ ጉድጓድ ይበጅለታል፣ ሶዳና ቀይ ቀለም ይገባበታል፣ አቼቶ ሲፈስበት ቀይ አረፋ እየፈላ በተራራው ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ ሥር በትልልቅ ፊደል «ምንም ነገር ድው አይልም» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ይህን መስመር ለምን እንዳሰመረችበት አውቃለሁ። ከተማው ውስጥ ተኩስ የነበረ ጊዜ ሳምራዊት አራት ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ቀን አልጋ ሥር ከእኔ ጋር ተኝታ ቆየች። ከዚያ ወዲህ የመኪና ጎማ በፈነዳ፣ በር በነፋስ በተዘጋ ቁጥር ልጄን የማገኛት አልጋው ሥር ነው። ትምህርት ቤት «አልጋ ሥር» የሚል ስም አውጥተውላታል። አንድ ቀን፣ የገዛ ልደቷ ቀን፣ የሚፈነዳ ነገር ፊት ቆማ እንድታይ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ኬኩም ቢያርር ግድ የለኝም።

ስለዚህ የጥሪ ወረቀቱን በእጄ ጻፍኩ፤ ለአሥራ ሁለት ልጆች፣ አሥራ ሁለት ወረቀት። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት በሳምራዊት ቤት እሳተ ገሞራ ይፈነዳል። እንዳትቀሩ።» ስጽፈው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን ሚሊሻ ጋሽ ዘውዴ ጠመንጃቸውን አንግበው ከበራችን ደረሱ።

«ቅድስት፣ ቅዳሜ ምንድን ነው የሚፈነዳው?»

«ሶዳና አቼቶ።»

«ፈቃድ አለሽ?»

«ሰላጣ ላይ አቼቶ ስጨምርም ፈቃድ አውጥቼ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። «እኔስ ገብቶኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። እዚህ አገር ይፈነዳል ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጫማውን ነው። ቃሏን ለወጥ አድርጊያት።»

እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። ቃሏን ግን አልለወጥኳትም።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ፈለቀች መጡ። እትዬ ፈለቀች አከራያችን ናቸው፤ እኛ ከምንኖርበት ክፍል ፊት ለፊት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ቤታቸው። አጣዬ ላይ ቤትና የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከተማው ሲቃጠል ሁለቱም ነደዱና በለበሱት ልብስ ብቻ ወጥተው፣ እህታቸው ወደተወችላቸው ወደዚህ ግቢ ገቡ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። እኔ «ይፈነዳል» የሚለው ነው ያስቆጣቸው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ገሞራ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እሳተ ገሞራ ነው፣ እትዬ። ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የሚወጣ እሳት። እነ ኤርታሌን ያውቁ የለም? የልጆቹ መጽሐፍ ላይም አለ።»

«እኔ ገሞራን የማውቀው በኦሪት ነው። እግዚአብሔር እሳትና ዲን ያዘነበባት ከተማ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በእኔ ግቢ የልጅ ልደት በገሞራ ስም አይከበርም። ወይ ስሙን ቀይሪ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂልኝ።»

«ስሙን እኔ አላወጣሁትም!» አልኩና በሩን ዘጋሁ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ዞር ስል ሳምራዊት አልጋ ሥር ገብታለች።

አንድ ስም መቀየር ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። «አረፋ ይፈላል» ብዬ ብጽፍ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ነገር ግን እልህ ያዘኝ። ልጄ ከድምፅ መደበቋ አንሶ ከቃልም መደበቅ ላስተምራት ነው? አላደርገውም አልኩ፤ ቤት ካስለቀቁኝም ጭቃውን ተሸክሜ መንገድ ዳር አከብረዋለሁ አልኩ። ስናደድ እንዲህ ነኝ፤ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አባቷም ይህን ስለሚያውቅ ከጅቡቲ መንገድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ብሎ ነው።

እትዬ ፈለቀችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቤት ለቤት ዞሩ። ዓርብ ማታ ከአሥራ ሁለቱ ወረቀት ዘጠኙ ተመልሶ መጣ። አንዷ እናት «ልጄን አሞታል» አለች፣ ሌላዋ «ጠበል ልንሄድ ነው» አለች። ሳምራዊት የተመለሱትን ወረቀቶች አንድ ላይ አስተካክላ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና «እማ፣ ይቅር በቃ። ኬክ ብቻ እንብላ» አለችኝ። እኔን ያነደደኝ ከሁሉም በላይ ይህ አነጋገሯ ነው።

አቼቶ ልገዛ ጥግ ላይ ወዳለችው ወደ ናጅዋ ሱቅ ሄድኩና የሆዴን ዘረገፍኩላት።

«የእኔ ሦስቱም ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ» አለች። «ይሄ ሰፈር ስንት ነገር አይቶ አቼቶ ይፈራል? ግን ቅድስት፣ የፈለቀችን ነገር ሰምተሻል?»

«ምኑን?»

«ያኔ ከአጣዬ እንደመጣች አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ አንዱ ሰውዬ እሷ መኖሯን ሳያውቅ 'አጣዬ እንደ ገሞራ የነደደችው በኃጢአቷ ነው' አለ። ማንም 'ተው' አላለውም። እሷ ተነስታ ወጣች። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስትገባ አይቻት አላውቅም።»

አፈርኩ። ማፈሬ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ ወደዚያ ሰውዬ አዞረው እንጂ። ቤቱ የነደደበትን ሰው ጥፋተኛ ነህ የሚል አፍ እንዴት ሳይደርቅ ቀረ? ሌሊቱን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ስጣላ አደርኩ።

ቅዳሜ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አወጣን። ከሮቢ ወንዝ ዳር ባመጣነው ጭቃ የሠራነው ተራራ በአንድ ቀን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስድስት ልጆች መጡ፤ ሦስቱ ወረቀታቸውን ያልመለሱት፣ ሦስቱ የናጅዋ ናቸው። እትዬ ፈለቀች ዱካቸውን በራቸው ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን አጣምረው ወደ እኛ ይመለከታሉ።

ከርከዴው ተሳካ። ሳምራዊት ሎሚውን እየጨመቀች፣ ሶዳውን እየነሰነሰች በትንሽ ድምፅ ታስረዳለች፤ ልጆቹም «እንደገና! እንደገና!» ይላሉ። ፊኛው ላይ ስንደርስ እኔን አላስችለኝ አለ። ፊኛውን ከእጇ ተቀበልኳትና እትዬ ፈለቀች በደንብ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስሙ፣ ልጆች! እሳተ ገሞራ ኃጢአተኛና ጻድቅ አይለይም! ማንንም ሊቀጣ አይወጣም። ከታች ሲግል ይወጣል፣ በቃ! ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጥፋት ስላለበት አይደለም የተቃጠለበት!»

እትዬ ፈለቀች ከዱካቸው ተነሱ። «ለእኔ ነው የምትሰብኪው?»

«አዎ፣ ለእርስዎ ነው!»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም ይንገረኝ። ያ ሰውዬ ውሸታም ነው!»

እየተጣላን እጄ ሥራውን አልተወም፤ ፊኛው ውስጥ ሶዳ እጨምራለሁ። የያዝኩት የሾርባ ማንኪያ መሆኑንም አላየሁም። ሳምራዊት ቀሚሴን ትጎትታለች፤ «እማ፣ ማንኪያው...» ትላለች። አልሰማኋትም። ጠርሙሱ ውስጥም አቼቶውን ያለ ልክ ገለበጥኩበት።

እትዬ ፈለቀች ጠረጴዛው ድረስ መጡ። «ውሸታም መሆኑን እኔም አውቃለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቃሉ ግን በሰማሁት ቁጥር ያቃጥለኛል። ምን ላድርገው?»

ልቤ ሲነካ እጄ ይቸኩላል። «እንግዲያው ይመልከቱ፤ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም» አልኩና ፊኛውን ጠርሙሱ አፍ ላይ ገጥሜ ቀጥ አደረግሁት። ሶዳው በአንድ ጊዜ ወረደ። ጠርሙሱ ፈላ። ፊኛው የብርቱካን ያህል ሆነ፣ የሐብሐብ ያህል ሆነ፣ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ማዶው ታየ።

ድው አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልደብቅም። ራሴን ያገኘሁት ጠረጴዛው ሥር ነው። ጉንጬ አፈር ላይ፣ ሁለት እጆቼ ጭንቅላቴ ላይ ናቸው። አጠገቤ እትዬ ፈለቀች በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ነጠላቸው በአቼቶ ርሷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ፣ ልጄን ድፍረት ላስተምር የተነሳሁት ሴት፣ ከሁሉ ቀድሜ ተደብቄ ነበር።

የልጄን እግር ፈለግሁ። መጀመሪያ ያየሁት ወደ ቤታችን በር ነው፤ ወደ አልጋው የሚሮጡ እግሮች ጠብቄ ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም። የናጅዋ ልጆች እየሳቁ ይዘላሉ። የሳምራዊት ነጫጭ ጫማዎች ጠረጴዛው አጠገብ ናቸው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ቆመዋል።

የጠረጴዛው ልብስ ተገለጠና ፊቷ ብቅ አለ። እንባዋ ይወርዳል፤ ዓይኗ ግን ቁጣ እንጂ ፍርሃት አልነበረበትም።

«የሻይ ማንኪያ ነው ያልኩሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። «የሻይ! አንድ! ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ! አንቺ በሾርባ ማንኪያ አራት ጨመርሽ! እየቆጠርኩ ነበር! ስነግርሽ አትሰሚም!»

እንዲህ ጮኻ አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ድምፅ በሰማች ቁጥር ድምፅዋ የሚጠፋ ልጅ ናት።

«ስንት ነበር ያለችሽ?» አሉኝ እትዬ ፈለቀች፣ እንደተኙ።

«አንድ።»

«ታዲያ ልጅቷን ለምን አትሰሚያትም?» አሉና ቀና ብለው አዩዋት። «ሳምሪዬ፣ እናትሽን ተያት። ያንን የጭቃ ተራራ አንቺ አፍዪው፤ እኔ ማንኪያውን እይዝልሻለሁ።»

ሳምራዊት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። መሬት ላይ የተጋደምን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነን።

«አይሆንም» አለች። «ማንኪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። እናንተ ተነሱና ከልጆቹ ኋላ ቁሙ።»

በሕይወቴ የማንንም ትእዛዝ በደስታ ተቀብዬ አላውቅም። ለእትዬ ፈለቀች እጄን ዘረጋሁላቸው፤ ተደጋግፈን ተነሳንና ሄደን ከልጆቹ ኋላ ቆምን።