ያልታየው አሥራ አምስት ደቂቃ

ጩኸቱ ከሱቁ ቀድሞ ይሰማል። መንገዱን ሳይሻገሩ፣ ታፔላውን ሳያዩ፣ አንዲት ሴት እሪ ትላለች፤ ቀጥሎ በር ሲጢጥ ይላል፤ ከዚያ ጭጭ። አላፊ አግዳሚው ለምዶታል። ጎረቤቱ ጎሚስታ ብቻ ጎማውን እያገላበጠ፣ «ሊቁ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አስበላህ?» ማለቱን አይተውም።

ሊቁ የሚለው በፍላሽ ፊልም የሚጭነውን ወጣት ነው። ሱቁ የአጎቱ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ወንበር፣ አለቀ። ሥራው መጫን ብቻ ነበር። እሱ ግን ስላየው ፊልም ሁሉ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ በስተግራ አስፈሪ፣ መሃል የህዋ፣ በስተቀኝ ዘጋቢ።

ስለ ሰሞኑ አስፈሪ ፊልም፣ «መንፈሱ እስኪመጣ ያስፈራል፤ ከመጣ በኋላ ያሳዝናል። ሴትዮዋ መብራት እያለ በሻማ ምድር ቤት የምትወርደው ለምን እንደሆነ ዳይሬክተሩ ይጠየቅ» ብሏል። ስለ ህዋው፣ «ሦስት ሰዎች መንኮራኩር ውስጥ ተዘግተው ይጣላሉ። ምድር ላይ ቢሆኑም ይጣሉ ነበር። ከዋክብቱ ግን ታይተው አይጠገቡም።» ስለ ጉንዳኖች ዘጋቢ ፊልም ደግሞ፣ «ተዋናይ የለም፤ ስለዚህ ማንም አላጋነነም።»

አንድ ልማድ ነበረው። ፊልም ሊያልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያጠፋዋል። ሥራ የጀመረ ሰሞን ገዳዩ ማን እንደሆነ ለደንበኛ አፉ አምልጦት፣ አጎቱ ሰው ፊት እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጥቶታል። የማያውቁት ነገር ከአፍ አያመልጥምና፣ ከዚያ ወዲህ መጨረሻ አይቶ አያውቅም። የቀረውን በልቡ ይጨርሰዋል፤ ብዙ ጊዜም የራሱ መጨረሻ ይጥመዋል።

ወረቀቱን ከልብ የምታነበው አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ነበረች። ሌላው፣ አዲስ ምን ገባ ብሎ አስጭኖ ይሄዳል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ፣ ቆማ ታነባለች። አባቷ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ አምና ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ይዘዋል። ተደግፈው የሚቀመጡት ለፊልም ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ለእሱም እንደዚያው፤ የሚጽፈውን ቁም ነገር ብሎ የሚይዝለት ሌላ ሰው አልነበረውም።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ጫነላት። ወረቀቱ፣ «ረጋ ያለ ነው። መንገድ፣ ተራራ፣ ሞተር። መንገድ ለናፈቀው አባት ይሆናል» ይላል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጣች። ግድግዳውን ቀና ብላ አላየችም። አባቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እህል እንቢ ማለታቸውን፣ ምን ሆኑ ስትላቸውም «ጥሩ ፊልም ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ እንዳላሉ ነገረችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«መጨረሻውን አይተህ ነው የሰጠኸኝ?»

አየሁት ቢል፣ አውቆ በሽተኛ የጎዳ ሊሆን ነው። አላየሁም ቢል፣ ግድግዳ ሙሉ ወረቀቱ ውሸት ሊሆን ነው።

«አላየሁትም፣ እትዬ» አለ። «የአንዱንም መጨረሻ አይቼ አላውቅም።»

ምክንያቱንም ሳይደብቅ ነገራት። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም የልጅ ነገር መሰለው።

«በል ክፈተው» አለችና ፍላሹን አቀበለችው።

ወንበሩን ቢያቀርብላት አልተቀመጠችም። ጎን ለጎን ቆመው አዩ። ሽማግሌው ሹፌር መሪ መጨበጥ ያቅተዋል። መኪናውን ይሸጥና ቁልፉን ለገዢው ወጣት ያስረክባል። ወጣቱ ሲያስነሳ ማርሹ ይፋጫል። ሽማግሌው መንገዱ ዳር ቆሞ፣ በዚያች በደከመች እጁ አየር ላይ ማርሽ ያስገባል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መኪናው ታጥፎ ከጠፋ በኋላም እጁን አላወረደም።

ስክሪኑ ጠቆረ። ሊቁ ያሰበው መጨረሻ ሌላ ነበር፤ በእሱ ውስጥ ሽማግሌው እየነዳ ተራራውን ያልፋል። ይህንን ሊነግራት ፈልጎ አፈረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ቅዳሜ ይመጣሉ?»

ፍላሹን ራሷ ነቅላ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ስለ ሹፌሩ የተጻፈውን ወረቀት እንዳይቀደድ ከአራቱም ማዕዘን ቀስ ብላ ላጠችና አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ወጣች፤ ወደ ልብስ ስፌቷ ሳይሆን፣ አባቷ ወዳሉበት ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ።