ሸሪክ አለህ ወይ?

በዚያ ጁምዓ ሉጥፊያ ወደ ሱቁ ስትገባ ስልኩ፣ ቅጹ፣ ፓስፖርቴና ሦስት የስልክ ረሲድ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ሆነው ይጠብቋት ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ካርዶቹን ደጋግሜ አስተካክላለሁ። ዓይኗን ማየት አልፈለግሁም።

«አንተ ጥዑመልሳን» አለች፣ የለበሰችውን የሱዳን ቶብ ትከሻዋ ላይ እየመለሰች። «ይኸን ስም ያወጣልህን ሰው አላህ ይቅር ይበለው። አንድ ‘እንደምን ዋልሽ’ ለማውጣት ቀጠሮ ያስፈልግሃል እኮ።»

«እንደምን ዋልሽ፣ እት ሉጥፊያ።»

«አልሐምዱሊላህ! ተናገረ!»

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ያረጋል በርበሬ ከሚመዝኑበት ሣቁ። «ተይው ልጄን። ዛሬ በአሜሪካ መንግሥት ፊት ሊቆም ነው።»

ሱቃችን በሱዳን ዋና ከተማ፣ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር ነው። በርበሬ፣ ሽሮና የስልክ ካርድ እንሸጣለን። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ እንጽፋለን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ነገር ግን ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቼ ስለምጽፍ ጋሽ ያረጋል እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ከሥራው ጋር አንድ ሕግ አብረው ሰጡኝ። መጀመሪያ የሰውየውን ቃል በረቂቅ ትጽፋለህ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነብለታለህ፤ ያርምሃል። በንጹሕ ወረቀት ገልብጠህ ታሽግለታለህ። ከዚያ ረቂቁን እዚያው ፊቱ ትቀደዋለህ። «የሰው ምሥጢር ከወረቀቱ ጋር ይቀደድ» ይላሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ረቂቅ ሳልቀድ ቀርቼ አላውቅም።

ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት። አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ቤት ትሠራለች፤ እንግሊዝኛውንም ከልጆቻቸው በጆሮዋ ለቅማ ነው የያዘችው። ማንበብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አትችልም። የምትጽፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ የአስቤዛ ሒሳብ ለመያዝ ስትል በዐረብ አሃዝ ተምራዋለች። በየወሩ ለእናቷ ደብዳቤ ታስጽፈኛለች፤ በመተማ በኩል በሚሄድ ሰው ይላካል። አገር ቤት መምህር ተሰማ የሚባሉ የቀበሌው አስተማሪ ለእናቷ ያነቡላቸዋል፤ መልሱንም ይጽፉላቸዋል።

ደብዳቤው ሁሌም የሚያልቀው በወንድሟ በኢስሐቅ ሰላምታ ነው። «ኢስሐቅ ፖርት ሱዳን ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይናፍቅሻል። ሹፌር እንዴት ነው? አሁንም ከፊት ከፊት ይሄዳል ወይ? ይልሻል።» ሹፌር በሬ ነው። ገና ጥጃ ሳለ ከመንጋው ፊት ፊት ካልሄድኩ ስለሚል ስሙን ያወጣለት ኢስሐቅ ነበር። በመንደሩ ሹፌር የሚባል ሌላ በሬ የለም፤ በአገሩም ያለ አይመስለኝም።

ኢስሐቅ ግን የለም። ከአራት ዓመት በፊት ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ወባ ይዞት ሞቷል። እናቱ «ልጁን ተይልኝ» እያሉ ይዛው የመጣችው ሉጥፊያ ናት። አንድ ቀን «ለምን ስልክ አትደውይላቸውም?» ብላት፣ «ስልክማ ቢሆን ኢስሐቅን አገናኚኝ ትለኛለች» አለችኝ። ቀጥሎ ሁሉንም ነገረችኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔም ጻፍኩት።

አሜሪካ የሚታተም፣ በኢንተርኔትም የሚወጣ አንድ የአማርኛ መጽሔት አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ጽሑፍ ልኬላቸው መልስ አልሰጡኝም። ሦስተኛውን በስልኬ ላይ በአራት ሌሊት ጻፍኩት፤ አንዲት እኅት የሞተ ወንድሟን ሰላምታ ለእናቷ ስትልክ። ረቂቆቹን ሁሉ ቀድጃለሁ እኮ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የቀደድኩት ወረቀት ነው፤ ቃሉ ግን ራሴ ውስጥ ነበር፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ስሞቹን ለወጥኩ። የበሬውን ስም ለመለወጥ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ በተለወጠ ቁጥር ታሪኩ ከእጄ ይሞትብኛል። ተውኩት።

አዘጋጁ አቶ ካሣዬ በሳምንቱ መለሱልኝ። «በሬው አስለቀሰኝ» አሉ። «በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ከአገር ውጭ ላለ ጸሐፊ ግን ያለ ታክስ ቁጥር መክፈል አንችልም፤ ሒሳቡ ካልተዘጋ ደግሞ ጽሑፉ አይወጣም።» ቅጽ ላኩልኝ፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱን ስልክም ጻፉልኝ። ደውለህ ብትጠይቃቸው ቁጥሩን እዚያው ስልክ ላይ ይሰጡሃል አሉ። በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ። እኔ ደግሞ በአማርኛም ስልክ ማናገር ያስጨንቀኛል።

ጋሽ ያረጋል ነገሩን ሲሰሙ አልቆዩም። «ሉጥፊያ እያለችልህ!» አሉ። አስቀድመው ነግረዋት ኖሮ እኔ አፌን ሳልከፍት እሺ ብላ ነበር። ዋጋዋ አንድ ደብዳቤ ነው አለች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ደወልን። እዚያ ጧት ነበር። ሙዚቃ መጣ። ሙዚቃው አላቆም አለ።

«ይኼ መንግሥት ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» አለች ሉጥፊያ። ጋሽ ያረጋል ትከሻቸውን አነቃነቁ። አንድ ካርድ አልቆ ሁለተኛውን ፋቅን። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል የሴት ድምፅ መጣ፤ ሉጥፊያም ወዲያው ሌላ ሰው ሆነች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። እመቤቷን የምታናግርበት ድምፅ መሆን አለበት።

«ያንተን ድምፅ ልስማ ትላለች። ስለ አንተ እንድናገር ትፈቅዳለህ ወይ ነው። ‘የስ’ በል።»

«የስ።»

«አልሰማችህም! ለአይጥ ነው እንዴ የምትናገረው?»

«የስ!» አልኩ። ጋሽ ያረጋል አጨበጨቡ።

ሴትየዋ ስሜን ጠየቀች። ሉጥፊያ ፊደል ስለማታውቅ፣ እኔ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እያንሾካሾክሁ እሷ ጮክ ብላ ትደግመው ነበር። የእኔ ዓይንና የእሷ አፍ ተጋግዘው የአባቴን ስም ጨረሱ። የአባቴ ስም በለጠ ነው፤ አጭር በመሆኑ አመሰገነችው። አድራሻችንን ሰጠን።

«ንግድህ ምንድን ነው ትላለች።»

«ጽሕፈት።»

«የምን ጽሕፈት? ደብዳቤ ልበላት?»

«አይደለም… አጫጭር ታሪክ።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ በእኔ የኮራች መሰለኝ። ነገረቻት። ሴትየዋ ደግሞ ሌላ ጠየቀች፤ ሉጥፊያ አዳመጠችና ስልኩን ከአፏ አራቀች።

«ብቻህን ነው የምትሠራው ወይስ ሸሪክ አለህ?»

ካርዶቹን እንደገና ማስተካከል ያዝኩ። ጥያቄው ቅጹ ላይ ያለ ተራ ጥያቄ እንደሆነ ዐውቃለሁ። የሚጠይቀኝ አፍ ግን የእሷ ነበር።

«አንተዬ፣ ረሲዱን እየበላው ነው! ሸሪክ አለህ ወይ?»

«ብቻዬን» አልኩ።

ብቻውን ነው ብላ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሳትጠራጠር ነበር የተናገረችው።

ሴትየዋ አንድ ነገር ጨመረች። «ያልከው ሁሉ እውነት ነው ወይ ትላለች» አለችኝ ሉጥፊያ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እሷ ስልኩ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ተናገረች።

«ምን አልሻት?»

«እውነት ነው አልኳት። ልጁን ዐውቀዋለሁ፣ ወላሂ እውነተኛ ልጅ ነው ብዬ ጨመርኩላት። ይጎዳል?»

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ሉጥፊያ የበርበሬ መጠቅለያ ወረቀት ስባ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ዘጠኙን አሃዝ በዐረብኛ ጻፈችው። መልሳ አንብባ አረጋገጠችና ስልኩን ዘጋች። ጋሽ ያረጋል እልል አሉ። «ኸላስ! አሁን አንተ ነጋዴ ነህ!» እያለች ወረቀቱን አየር ላይ አውለበለበችው። ቀጥላ ወረቀቱን ከፊቷ አስቀምጣ ተደላደለች።

«በል አሁን ዋጋዬን። ጻፍ። ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ።»

ጻፍኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላከችው ጫማ፣ የፈረንጆቹ ትንሿ ልጅ ጥርስ ስለ መንቀሏ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«የኢስሐቅን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ሹፌር እንዴት ነው በልበት።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስነካሁ። ‘ሹ’ን ጻፍኩ። አልቀጠለልኝም።

«ምነው?»

«እት ሉጥፊያ… ለመጽሔቱ የጻፍኩት ያንቺን ነው።»

«የእኔን ምን?»

«ኢስሐቅን። ሰላምታውን። ገዳሪፍን። ሁሉንም።»

ጋሽ ያረጋል በርበሬ መመዘኑን ተዉ። ስለ ኢስሐቅ እሳቸውም ገና መስማታቸው ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ የደብዳቤውን ረቂቅ አዩ። ተነሥተው ወጡ፤ በሩን ከውጭ መለስ አደረጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሉጥፊያ አልጮኸችም። «ስሜን ምን አልከው?» አለች።

«ራሔል።»

«ክርስቲያን አደረግኸኝ?» ሣቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። «ኢስሐቅንስ?»

«ናሆም።»

«ሹፌርንስ?»

ወረቀቱ ላይ ያለውን ‘ሹ’ አየሁ።

«በሬውን፣ በሬውን ምን አልከው?»

«ሹፌር።»

እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «መምህር ተሰማ እኮ ስልኩ ላይ የማያነበው ነገር የለም» አለች። ዐውቅ ነበር። በመልሱ ግርጌ ‘ፌስቡክ ላይ አለሁ’ ብለው የሚጽፉትን ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

«ወጥቷል?»

«አልወጣም። ቁጥሩ ሲደርሳቸው ነው የሚያወጡት። ሹፌርን እሰርዘዋለሁ፣ ስሙን እለውጠዋለሁ…»

«ለምን እስከ ዛሬ አልለወጥከውም?»

ታሪኩ ይሞትብኛል ብዬ ነው ማለት አፈርኩ። ቢሆንም አልኳት። ሌላ ውሸት ከአፌ የሚወጣ አልመሰለኝም።

የበርበሬው ወረቀት ላይ ያሉትን አሃዞች በጣቷ ዳሰሰች። «አንብብልኝ» አለች። «ጽፈህ ስትጨርስ ታነብልኝ የለ? ይኸን ለምን አላነበብክልኝም?»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። አላረመችኝም። ወንዶቹ ኢስሐቅን ተሸክመው ወደ መቃብር ሲሄዱ፣ እሷ ከሰሊጡ ነዶ አጠገብ ጫማውን ታቅፋ የቀረችበት ጋ ስደርስ ቶቧን አፏ ውስጥ ከተተች። ልተወው ወይ ብዬ ቆም አልኩ። በእጇ ቀጥል አለችኝ። እስኪያልቅ አለቀሰች፤ ካለቀ በኋላም አለቀሰች። እኔ ስልኩን ይዤ ወለሉን አያለሁ። ያ ልቅሶ በእኔ ፊት መሆን አልነበረበትም፤ ከእናቷ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር መሆን ነበረበት።

«አራት ዓመት ሰላምታ አስላክሁት እንጂ» አለች ፊቷን እየጠረገች፣ «አንድ ቀን አላለቀስኩለትም።»

የበርበሬውን ወረቀት አነሣች። አራት ቦታ አጥፋ በቶቧ ጫፍ ቋጠረችው።

«ይኼ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

«እሺ።»

«እናቴ ከአንተ መጽሔት ከምትሰማው ከእኔ ትስማ። እስክነግራት ይቀመጥ። ደግሞ አታስቸኩለኝ።»

«እሺ፣ እት ሉጥፊያ።»

«ደብዳቤውን ጨርስ።»

«ኢስሐቅስ ምን ይበል?»

በበሩ በሚገባው ብርሃን ጫማዋን አየች። «ዛሬ ምንም አይበል» አለች። ‘ሹ’ን ሰረዝኩት። አነበብኩላት፤ ገለበጥኩት፤ አሸግኩት። ረቂቁን ልቀድ ስል ከእጄ ወሰደችው። ራሷ ቀደደችው። ብጣሹንም ይዛው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጁምዓ አልፏል። ጋሽ ያረጋል ሥራውን አልቀሙኝም፤ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሰው ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ። አቶ ካሣዬ ሁለት ጊዜ ጻፉልኝ፤ «ቁጥሩ ምን ሆነ? እትሙ ሊዘጋ ነው» አሉ። የሉጥፊያ እናት መልስም መጥቷል። መምህር ተሰማ እንዲህ ብለው ጽፈውታል፤ «ልጄ ኢስሐቅ በዚህ ደብዳቤ ስለ ሹፌር ሳይጠይቅ ቀረ። አሞታል ወይ?» ይኸን አንብቤላት ሉጥፊያ ሳትቀመጥ ወጣች። ባለፈው ጁምዓ ተመልሳ መጣች፤ «ለውድ እናቴ» አስጽፋኝ ቆመች፤ «ለሚቀጥለው» ብላ ሄደች። ረቂቁን ቀደድኩ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበረበት።

ቁጥሩን ዐውቀዋለሁ። ስትጽፈው እያየሁ ነበር፤ ያየሁት ጽሕፈት ከራሴ አይወጣም። ዘጠኙም አሃዝ፣ ሦስተኛው ላይ እጇ የተንሸራተተበት ጭረት ሳይቀር አለ። ስልኬን አውጥቼ ለአቶ ካሣዬ ብጽፈው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም።